ተንሳፋፊውን «ዝቃጭ» ማለት፤ በብረት ገፈት አርማታ ስያሜዎች ላይ የቀረበ ሂስ

አንድ ሙያዊ ቃል ወደ አማርኛ ሲመለስ ሁለት ጌቶች ያሉት ይመስላል። አንደኛው የውጭው ቃል ነው፤ ሁለተኛው ቃሉ የሚያመለክተው ነገር ነው። ተርጓሚው ከፊቱ የተዘረጋው ወረቀት በመሆኑ ብዙ ጊዜ ለመጀመሪያው ያደላል፤ ነገሩን የሚያውቀው ግን ከእቶኑ አጠገብ ወይም ከግንቡ ሥር የቆመው ሠራተኛ ነው። በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው ከብረት ማቅለጫ የሚወጣ ተረፈ ምርት የሲሚንቶውን ከፊል ተክቶ ስለሚሠራበት አርማታ በአማርኛ ለመጻፍ የተነሣ ተርጓሚ በቅድሚያ የሚያነሣቸውን ጥቂት ቃላት ነው። ቃላቱ «ዝቃጭ»፣ «ዝቅተኛ ካርቦን»፣ «ተጨማሪ» እና «ማድረቅ» ናቸው። አራቱም ለጆሮ የሚስማሙ፣ ሰዋስዋቸውም የቀና ነው፤ ነገር ግን አራቱም ስለ ነገሩ ሐሰት ይናገራሉ። አስተያየታችን በአጭሩ ይህ ነው፦ የሙያ ስያሜ የሥራውን ሂደት ተከትሎ መውጣት አለበት፤ ሂደቱን ሳይመለከት የወጣ ስያሜ አማርኛው የቱንም ያህል ቢያምር አንባቢውን ያሳስታል።

ቃል በሚነበብበት ስፍራ ቢመረመር መልካም ነው። ስለዚህ ምሳሌያችንን ከሸዋ ሮቢትና ከይፋት ቆላ እንወስዳለን። ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚሄደው መንገድ የጣርማበርን ዋሻ አልፎ ከደብረ ሲና ሲወርድ የሚያገኘው ይህ ቆላ ሙቀቱ የበዛ፣ ፀሐዩም የበረታ ነው፤ በምሥራቅ በኩል ወደ አፋር ስምጥ ሸለቆ ይከፈታል። በ1953 ዓ.ም. ከግንቦት ጀምሮ ለወራት የቆየው የካራቆሬ የመሬት መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ አፍርሷል፤ ዋናውን መንገድም ጎድቷል። በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች ዙሪያ ተከታትሎ የደረሰው መንቀጥቀጥም ምድሪቱ እንዳላረፈች አሳይቷል። ከአዋሽ እስከ ሐራ ገበያ 392 ኪሎ ሜትር ያህል እንዲሆን የታቀደው የባቡር መስመር የሚያልፈውም በዚሁ ቆላ ነው። እንግዲህ በዚህ ምድር ላይ የሚቆም ዐምድና ድልድይ ሸክሙን የሚችለው አርማታው በሚገባ የተሠራ እንደ ሆነ ነው። የአሠራሩን መመሪያ በአማርኛ የሚያነበው የሥራ መሪ ደግሞ መሐንዲሱ አጠገቡ በሌለ ጊዜ የሚያምነው ቃሉን ብቻ ነው።

1. «አርማታ»፤ ሊነካ የማይገባው ቃል

ሂሳችንን ከማቅረባችን አስቀድሞ ሂስ የማያስፈልገውን ቃል ለይተን ማስቀመጥ ይገባናል። «አርማታ» የጣልያንኛ ውስ ቃል ነው። በምንጩ ቋንቋ ትርጉሙ «የታጠቀ» ማለት ሲሆን፣ ብረት የታጠቀውን ግንብ ያመለክት ነበር። በወረራው ዘመን፣ ማለትም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ጣልያኖች በአገራችን መንገድና ድልድይ ሲሠሩ የግንባታ ሙያ ብዙ የጣልያንኛ ቃላትን አስገብቷል፤ «ፌሮ» ከእነዚህ አንዱ ነው። ዛሬ ግን ግንበኛው «አርማታ» ሲል በሲሚንቶ፣ በአሸዋ፣ በጠጠርና በውሃ የተቦካውን ድብልቅ ማለቱ ነው፤ ብረቱን ለብቻው «የአርማታ ብረት» ይለዋል። ለጣልያኑ «የአርማታ ብረት» ማለት «የታጠቀ ነገር ብረት» እንደ ማለት ሊከብድ ይችላል። ለአማርኛ ተናጋሪው ግን ጉድለት የለበትም፤ ቃሉ ከተዋሰ በኋላ የራሱን ሕይወት ኖሯል።

አንዳንድ ቃል አጥሪዎች «አርማታ»ን ከግዕዝ በተበጀ ቃል መተካት ይሻል ይሉ ይሆናል። እኛ ግን ውስ ቃል መሆን ብቻውን ጥፋት ነው አንልም። ቃሉ በደጋም በቆላም፣ በመሐንዲሱም በቀን ሠራተኛውም ዘንድ በአንድ ትርጉም ይነገራል፤ ማንንም አያሳስትም። ቀጥሎ የምንመረምራቸው ቃላት በአንጻሩ የአገር ተወላጆች ናቸው፤ ቢሆንም ያሳስታሉ። ስለዚህ ቃልን የምንመዝንበት ሚዛን የትውልድ አገሩ ሊሆን አይችልም፤ ሰሚውን ወደ ትክክለኛው ነገር ማድረሱ ነው።

2. «ዝቃጭ» እና «ገፈት»

«ዝቃጭ» ከ«ዘቀጠ» የወጣ ነው። ዘቀጠ ማለት ወደ ታች ወረደ፣ ከሥር አረፈ ማለት ነው። አተላ ይዘቅጣል፤ ደለል ይዘቅጣል። የብረት ማቅለጫውን ተረፈ ምርት «የብረት ዝቃጭ» ያለ ተርጓሚ፣ ከጠቃሚው ነገር የተረፈ ሁሉ ከሥር ይቀራል ከሚል ልማድ ተነሥቶ ነው። በእቶኑ ውስጥ የሚሆነው ግን የዚህ ተቃራኒ ነው። የብረት ማዕድን፣ ኮክ የተባለው የድንጋይ ከሰልና የኖራ ድንጋይ በአንድነት ሲግሉ ብረቱ ቀልጦ ወደ ታች ይወርዳል፤ የማዕድኑ አፈርማ ክፍል ከኖራው ጋር ተዋሕዶ ሌላ ቅላጭ ይሆንና ከብረቱ በላይ ይንሳፈፋል። የቀለጠው ብረት ከዚህ ቅላጭ ከእጥፍ በላይ ስለሚከብድ ሁለቱ ሳይቀላቀሉ ይለያሉ። እንግዲህ በዚህ እቶን ውስጥ የሚዘቅጥ ነገር ካለ ብረቱ ራሱ ነው። «የብረት ዝቃጭ» የሚለውን ሐረግ ቃል በቃል የተረዳ ተማሪ ከእቶኑ ግርጌ የሚቀዳውን ጥሩውን ብረት ጥሎ ከላይ ያለውን ቢሰበስብ አይፈረድበትም።

አማርኛ ይህን ልዩነት የሚገልጽበት ቃል የሌለው አይምሰለን። በጓዳ ቋንቋችን ከላይ የሚሆነውና ከታች የሚሆነው ተለይተው የተሰየሙ ናቸው። ከጠላ በታች የሚቀረው አተላ ነው፤ ከላይ የሚንሳፈፈው ገፈት ነው። ከጠጅ በታች የሚቀረው አንቡላ ነው፤ ከፈላ ወተት በላይ የሚረጋው ስልባቦት ነው። ጠማቂዋ እነዚህን ቃላት አታምታታም፤ ብታምታታ ጠላዋ ይበላሻልና። ስለዚህ በብረት እቶን ላይ የሚንሳፈፈውን ቅላጭ «የብረት ገፈት» ብንለው ቃሉ ራሱ ቦታውን ይናገራል፤ በእቶኑ ዳር ያለ ሠራተኛም መግፈፍ እንጂ መቅዳት እንደማያስፈልግ ያለ አስተማሪ ይረዳል።

በዚህ ስያሜ ላይ ሁለት ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል። የመጀመሪያው፣ «ገፈት ቀማሽ» በሚለው ፈሊጥ ምክንያት ቃሉ የመከራ መዓዛ አለው የሚል ነው። ይህ እውነት ነው፤ ነገር ግን ፈሊጡ ራሱ የቆመው ገፈት ከላይ በመሆኑና መጀመሪያ የሚደርሰው እርሱ በመሆኑ ላይ ነው። ሁለተኛው ተቃውሞ ይበልጥ ይከብዳል፦ ገፈት የሚጣል ነገር ነው፤ እኛ የምንሰይመው ግን ዋጋ ያለው የግንባታ ጥሬ ዕቃ ነው። ለዚህ የምንሰጠው መልስ ስያሜው የመነሻውን ጠባይ መናገሩ ይበቃል የሚል ነው፤ ዋጋውን ገበያው ይናገራል። «ስላግ» የሚለውን ውስ ቃል እንዳለ መያዝ ሦስተኛው መንገድ ነው። በሙያው ውስጥ ላሉ ሰዎች አይከፋም፤ ለአዲስ አንባቢ ግን ምንም ፍንጭ የማይሰጥ ስለ ሆነ፣ በመጀመሪያው መጠቀስ ላይ «ስላግ ወይም የብረት ገፈት» ብሎ አጣምሮ መጻፍን እንመርጣለን።

3. ሁሉም ገፈት አንድ አይደለም

ስሙን ማግኘት የሥራው እኩሌታ ነው። ቀጥሎ የሚመጣው ቃሉን በቅጽል መለየት ነው፤ በዚህ ላይ የሚደረገው ቸልታ ከስሙ ስሕተት ይልቅ አደገኛ ነው።

አንደኛው ልዩነት በአቀዛቀዙ ነው። የወናፍ እቶን ገፈት በአየር ውስጥ ቀስ ብሎ የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ድንጋይ ይሆናል፤ ተፈጭቶ በጠጠር ምትክ ከማገልገል በቀር የመያዝ ጠባዩ እጅግ ደካማ ነው። የቀለጠው ገፈት በብርቱ የውሃ ፍሳሽ በድንገት የቀዘቀዘ እንደ ሆነ ግን ብርጭቆ መሰል አሸዋ ይሆናል፤ ይህም ደቅቆ ሲፈጭ ከውሃ ጋር ተዋሕዶ የመጠንከር ኀይል አለው። ጀርመናዊው ኤሚል ላንገን በ1862 እ.ኤ.አ. ይህን ጠባይ ከገለጸ ወዲህ በአውሮፓ የገፈት ሲሚንቶ መሠራት ጀምሯል። ዛሬ የአውሮፓ የሲሚንቶ ደረጃ ከመቶ 36 እስከ 95 ድረስ ገፈት የሚገባባቸውን ሲሚንቶዎች ለብቻ መድቦ በሦስት ይከፍላቸዋል። ስለዚህ ተርጓሚው «የተፈጨ የብረት ገፈት» ብሎ ቢተው መመሪያውን አጉድሏል። «በውሃ በድንገት የቀዘቀዘና የተፈጨ ገፈት» ማለት ይገባዋል። ሐረጉ ይረዝማል፤ ነገር ግን ሁሉም ቃል ሥራ አለው።

ሁለተኛው ልዩነት በእቶኑ ነው። ማዕድንን ወደ ጥሬ ብረት የሚለውጠውን እቶን «የወናፍ እቶን» ያልነው የሚሠራው በግፊት በሚገባ የጋለ አየር ስለ ሆነ ነው፤ ወናፍ ከአንጥረኞቻችን ቤት የምናውቀው መሣሪያ ነው። በአገራችን ያሉት የአርማታ ብረት ማቅለጫዎች በአብዛኛው ውድቅዳቂ ብረትን በኤሌክትሪክ የሚያቀልጡ ናቸው። ከእነዚህ የሚወጣውም ገፈት ይባላል፤ ነገር ግን ንጥረ ነገሩም ጠባዩም ሌላ ነው። ከአረብ ብረት ሥራ በሚወጣ ገፈት ውስጥ ያልተዋሐደ ኖራ ሊኖርበት ይችላል፤ ይህ ኖራ ቆይቶ ውሃ ሲያገኝ ያብጣል፤ ሲያብጥም የጠነከረውን አርማታ ከውስጥ ይሰነጥቀዋል። ስለ ወናፍ እቶን ገፈት የተጻፈን መልካም ውጤት «የብረት ገፈት» በሚል ባዶ ስም የተረጎመ ሰው፣ አንባቢው በአቅራቢያው ከሚገኝ የኤሌክትሪክ እቶን ጓሮ ያገኘውን ሁሉ ወደ ዐምድ እንዲከት ፈቅዶለታል ማለት ነው። የመሬት መንቀጥቀጥ በሚያውቀው በይፋት ቆላ ይህ የሰዋስው ጉዳይ ብቻ ሆኖ አይቀርም።

እዚህ ላይ የአገራችንን ሁኔታ መጥቀስ ያስፈልጋል። በእኛ ገበያ ክሊንከርን በከፊል የሚተካው በብዛት ፖዞላና፣ ማለትም ከእሳተ ገሞራ የወጣ ድንጋይና አመድ ነው፤ «ፒፒሲ» እየተባለ የሚሸጠው ሲሚንቶ ይኸው ነው። ፖዞላና እና ገፈት በተርጓሚዎች ዘንድ አንድ ሆነው መታየት የለባቸውም። ፖዞላና ለመጠንከር ከክሊንከሩ የሚወጣውን ኖራ ይሻል፤ ብቻውን ከውሃ ጋር ቢቦካ አይይዝም። የተፈጨው ገፈት ግን በራሱ የመያዝ ኀይል አለው፤ የሚያስፈልገው ቀስቃሽ ብቻ ነው። ሁለቱን «የሲሚንቶ ማሟያ አመድ» በሚል አንድ ስም መጥራት እርሾንና ጌሾን አንድ ማለት ነው።

4. «ዝቅተኛ ካርቦን» እና «ተጨማሪ»

የሲሚንቶ ካርቦን ከየት እንደሚመጣ ሳያውቁ ይህን ሐረግ መተርጐም አይቻልም። የኖራ ድንጋይ በእቶን ሲግል ኖራው ይቀራል፤ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ወደ አየር ይወጣል፤ ከ100 ኪሎ ንጹሕ የኖራ ድንጋይ 44 ኪሎው በዚህ መንገድ ይሄዳል። እቶኑን እስከ 1450 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ድረስ የሚያግለው ነዳጅም የራሱን ድርሻ ይጨምራል። ከይፋት ቆላ በላይ፣ በሰሜን ሸዋ ደጋ በመስከረም 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የለሚ ናሽናል ሲሚንቶ ፋብሪካም ሆነ በዓለም ያለ ማናቸውም የክሊንከር እቶን ከዚህ የተፈጥሮ ሕግ አይወጣም። ገፈቱ ግን አንድ ጊዜ በብረቱ እቶን የቀለጠ ስለ ሆነ ለሲሚንቶ ሲባል ዳግመኛ መቃጠል አያሻውም። የካርቦኑ መቀነስ ምክንያት ይህ ነው።

እንግዲህ «ዝቅተኛ ካርቦን አርማታ» የሚለው ሐረግ ምን ይላል? አርማታው በውስጡ ጥቂት ካርቦን እንዳለው ይናገራል። ይህም ሐሰት ብቻ ሳይሆን ከሌላ እውነተኛ ቃል ጋር የሚጋጭ ነው። በብረታ ብረት ሙያ «ዝቅተኛ ካርቦን ያለው ብረት» የሚባል አለ፤ በዚያ ስፍራ ካርቦኑ በእርግጥ በብረቱ ውስጥ ያለ ንጥረ ነገር ነው፤ መጠኑም ከመቶ ሩብ ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ስለ ገፈት አርማታ የሚጽፍ ሰው በአንድ ገጽ ላይ ስለ ብረቱም ስለ አርማታውም መጻፉ አይቀርም፤ በአንድ ገጽ አንድ ሐረግ ሁለት ነገር ከሆነ አንባቢው ምን ይያዝ? አንድ ቃል ለሁለት ነገር መዋሉ ሁልጊዜ ጥፋት አይደለም። በይፋት «ኖራ» የጥንታዊው የይፋት ሱልጣኔት ዘመን የከተማ ፍርስራሽ የሚገኝበት ስፍራ ስም ነው፤ በግንበኛው ዘንድ ደግሞ የነጩ ዱቄት ስም ነው፤ ሁለቱን የሚያምታታ ግን አይገኝም፤ የሚነገሩበት አገባብ የተራራቀ ነውና። የሚያሰጋው መንታ ቃል በአንድ ገበታ የሚቀርበው ነው።

ስለዚህ «ልቀቱ የቀነሰ አርማታ» የሚለውን እንመርጣለን። «የቀነሰ» ማለት «ከምን?» የሚል ጥያቄ ያስነሣል፤ ይህም ጸሐፊው የሚያነጻጽርበትን እንዲናገር ያስገድደዋል። «ዝቅተኛ» ግን ያለ ንጽጽር ብቻውን ቆሞ ይመጻደቃል። ገፈቱ በባሕርና በየብስ ሩቅ መንገድ ተጉዞ የሚመጣ ከሆነ የጉዞው ልቀት መታሰብ አለበትና ይህ ጥያቄ ለእኛ አገር ከሌላው ይልቅ ያስፈልጋል። «ልቀት» ራሱ ሁለት ፊት ያለው መሆኑንም አንዘነጋም፤ ከ«ለቀቀ» የወጣው «ልቀት» እና ከ«ላቀ» የወጣው «ልቀት» በጽሑፍ አንድ ናቸው፤ ፊደላችን የሚጠብቀውን ከሚላላው አይለይም። ስለዚህ በመጀመሪያው መጠቀስ ላይ «የካርቦን ዳይኦክሳይድ ልቀቱ የቀነሰ» ብሎ ምሉዕ አድርጎ መጻፍ፣ ከዚያ በኋላ ማሳጠር ይገባል።

ከዚህ ጋር የሚሄደው «ተጨማሪ» የሚለው ቃል ነው። ገፈትን፣ ፖዞላናንና የመሳሰሉትን በጅምላ የሚጠራው የውጭ ስያሜ «ተጨማሪ» ተብሎ ሲተረጐም፣ የሥራ መሪው በተለመደው ሲሚንቶ ላይ የሚደረብ ነገር ይመስለዋል። የሲሚንቶውን መጠን ሳይቀንስ ገፈቱን የጨመረ እንደ ሆነ የታሰበው የልቀት ቅነሳ በወረቀት ላይ ይቀራል። ገፈቱ የሚገባው የክሊንከርን ስፍራ ለመያዝ ነው፤ ስለዚህ ስሙ «ተኪ» ሊሆን ይገባል፤ «ክሊንከር ተኪ» ቢባል ሁለት ቃል ሆኖ ሙሉ መመሪያ ነው።

5. «ማድረቅ» ወይስ «እርጥበት ጥበቃ»

ከሁሉ የሚከፋው ስሕተት የመጨረሻው ነው። «ኪዩሪንግ» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በትምባሆ ሥራና በአርማታ ሥራ ይነገራል፤ የሚያዘው ሥራ ግን በሁለቱ ዘንድ ተቃራኒ ነው። ሸዋ ሮቢት የትምባሆ እርሻ የታወቀባት ስፍራ ናት፤ በዚያ ቃሉ የተቀጠፈውን ቅጠል በሥርዐት ማድረቅ ማለት ነው። በአርማታ ግን የተገነባውን አካል ከመድረቅ መጠበቅ ማለት ነው። መዝገበ ቃላት ከፍቶ የመጀመሪያውን ፍቺ የወሰደ ተርጓሚ «አርማታውን ለ7 ቀን ማድረቅ» ብሎ ቢጽፍ፣ ሮቢት ላይ ያለች ፀሐይ ትእዛዙን በአንድ ቀን ትፈጽምለታለች፤ አርማታውም ሳይጠነክር ይቀራል።

ለዚህ ስሕተት በር የከፈተው የራሳችን የዕለት ንግግር ነው። ሲሚንቶው ሲይዝ «ደረቀ» እንላለን፤ እንደ ጭቃ ውሃው ወጥቶለት የጠነከረ ይመስለናል። ሲሚንቶ ግን የሚጠነክረው ውሃውን ከራሱ ጋር አዋሕዶ ነው፤ በውሃ ውስጥ ቢቀመጥም ይጠነክራል። ገፈት የገባበት አርማታ ደግሞ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ከተለመደው ይልቅ ቀስ ብሎ ስለሚጠነክር ውሃው ቶሎ ቢተንበት ጉዳቱ ይብሳል። ኋላ ግን በትዕግሥት የተያዘ እንደ ሆነ ጥንካሬው ይደርሳል፤ ሲጠነክር የሚያወጣው ሙቀትም አነስተኛ መሆኑ ለወፍራም ግንብና ለቆላ አየር ይስማማል። የሕንድ የአርማታ ሥራ ደረጃ ለተለመደው ሲሚንቶ ቢያንስ 7 ቀን እርጥበት እንዲጠበቅ ያዝዛል፤ በደረቅና በሞቃት አየር 10 ቀን ያደርሰዋል፤ ተኪ ላለበት አርማታ በእንዲህ ያለው አየር እስከ 14 ቀን እንዲራዘም ይመክራል። ከእኛ ቆላ ጋር የሚመሳሰል አየር ያለው አገር የደረሰበት ይህ መጠን ቃላችንን እንድንመርጥ ሊያግዘን ይገባል።

በግንባታ ስፍራ ያሉ ሠራተኞች ይህን ሥራ «ውሃ ማጠጣት» ይሉታል። ከተርጓሚው ይልቅ ወደ እውነት የቀረቡ እነርሱ ናቸው፤ በይፋት ሽንኩርትና ማሾ የሚያለማ ገበሬም ቃሉን ያለ ፍቺ ይረዳዋል። ጉድለቱ አንድ ብቻ ነው፤ አርማታን በእርጥብ ጆንያ ወይም በላስቲክ መሸፈንም የዚሁ ሥራ ክፍል ሲሆን «ማጠጣት» አይባልም። ስለዚህ ለጠቅላላው ሥራ «እርጥበት ጥበቃ»፣ ከዘዴዎቹ ለአንዱ «ውሃ ማጠጣት» የሚለውን ደልድለን ብንይዝ ሁለቱም ቃላት በየስፍራቸው ያገለግላሉ። ሲሚንቶው ቅርጹን ሲይዝ «ያዘ»፣ ኀይል ሲያገኝ «ጠነከረ» ይባል፤ «ደረቀ» የሚለው ግን ከአርማታ መመሪያ ጨርሶ ይውጣ።

6. ማጠቃለያ

የኢትዮጵያ ቋንቋዎች አካዳሚ በ1989 ዓ.ም. የሳይንስና ቴክኖሎጂ መዝገበ ቃላትን ሲያወጣ ለአማርኛ የሙያ ቃል ትልቅ መሠረት ጥሏል። መሠረት ግን ግንብ እንዲቆምበት ነው፤ ከዚያ ወዲህ የመጡት ሥራዎች አዲስ ስያሜ ይጠይቃሉ። የሙያ ቃል ሲፈለግ በአማርኛ፣ በግዕዝና በሌሎች የአገራችን ቋንቋዎች ማሰስ፣ ያልተገኘ እንደ ሆነ መዋስ የታወቀ ሥርዐት ነው። በዚህ ላይ አንድ ደንብ እንዲታከል እንጠይቃለን፦ የተገኘው ቃል ከመጽደቁ በፊት ሂደቱን በቃሉ ብቻ ለማያውቅ ሰው ይነበብለትና ምን ሊሠራ እንደሚነሣ ይጠየቅ። «ማድረቅ» በዚህ ፈተና በመጀመሪያው ቀን ይወድቅ ነበር።

ለውይይት የምናቀርባቸው ስያሜዎች እነሆ፦ ለስላግ «የብረት ገፈት»፤ እንደ ምንጩ «የወናፍ እቶን ገፈት» እና «የኤሌክትሪክ እቶን ገፈት»፤ ለሲሚንቶ ሥራ ለሚውለው «በውሃ በድንገት የቀዘቀዘና የተፈጨ ገፈት»፤ ክሊንከሩን ለሚተኩት ሁሉ «ክሊንከር ተኪ»፤ ለአርማታው «ልቀቱ የቀነሰ አርማታ»፤ ሸክም ለሚችለው «ሸካሚ አርማታ»፤ ለኪዩሪንግ «እርጥበት ጥበቃ»። ከእነዚህ የተሻለ ያለው ባለሙያ ወይም ተርጓሚ ቢያቀርብልን በደስታ እንቀበላለን፤ የምንጠይቀው ያው አንዱን ነገር፣ ቃሉ ከሥራው ጋር እንዲስማማ ብቻ ነው።